መንገዱ ክፍት፣ እንግዳው የለም

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ሆኜ ወደ አንኮበርና መንዝ ጓሳ እንግዳ አስጎበኛለሁ። አካባቢው ሰላም በሆነበት ሳምንት እንኳ የውጭ እንግዶች በመንግሥታቸው ማስጠንቀቂያ ሳቢያ ይሰርዙብኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ እንግዳውን የሚያስቀረው ፍርሃቱ ሳይሆን ኢንሹራንሱ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለአንድ አካባቢ «የግድ ካልሆነ አትሂዱ» ካለ፣ ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ እዚያ ላያገለግል ይችላል። ጓሳ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ እግሩ ቢሰበር ሕክምናውም ማጓጓዣውም ከኪሱ ነው። የአሜሪካው ማስጠንቀቂያ 4 ደረጃ አለው፤ 3ኛው «ጉዞዎን ደግመው ያስቡ»፣ 4ኛው «አይጓዙ» ይላል። ሁለቱም ሰፊ አካባቢን በጅምላ ስለሚይዙ ለጓሳው የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ሰፈር በካርታቸው ላይ የተለየ ቀለም አይቀቡም። ለማውጣት ይፈጥናሉ፤ ለማንሳት ግን ይዘገያሉ።

ስለዚህ «ምንም የለም፣ ይምጡ» አይበሉ። ይህ ቃል ነገር ሲመጣ በእርስዎ ላይ ይዞራል። ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት እንግዳው ለኢንሹራንሱ የቦታዎቹን ስምና ቀኑን ጠቅሶ ይጻፍ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። ውሉ ላይ «ከቀብድ በኋላ ማስጠንቀቂያው ከከፋ ጉዞው እስከ 12 ወር ይተላለፋል» የሚል ይግባ፤ ለመኪናና ለስንቅ አስቀድሞ የወጣው እንደማይመለስም በግልጽ ይጻፍ። በጉዞው ዋዜማና ማለዳ ጣርማ በርና መሃል ሜዳ ላሉ ሰዎች ይደውሉ። መንገዱ ካላማረ ግን ኢንሹራንስ ቢኖርም አይውጡ።