ተቆርጦ የሚመለስ እብጠት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ ትከሻው ላይ ጠባሳ የሚመስል ጠጣር እብጠት አለበት። ሁለት ጊዜ ተቆርጦለት ተመልሶ መጣ። አሁን የናሙናው ውጤት «ዲኤፍኤስፒ፣ ሲዲ 34 ፖዘቲቭ» ይላል። ሐኪሙም ሁለት ጂኖች ተጣብቀው የመጣ ካንሰር ነው አለን። እናታችን «ከዘሬ የመጣ ነው» ብላ እህል አልቀምስ ብላለች። ለልጆቹስ ይተላለፋል? (እህቱ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ለእናትሽ ዛሬውኑ ንገሪልኝ፤ ከዘር አልመጣም፣ ለልጆቹም አይተላለፍም።

ጂን ሲባል ሰው የሚያስበው ከእናት ካባት የተወረሰውን ነው። የወንድምሽ ዲኤፍኤስፒ የተባለው የቆዳ ካንሰር ግን ከተወለደ በኋላ በቆዳው ውስጥ ባለች አንዲት ሴል ላይ የደረሰ ነው። ጂኖችን የሚሸከሙት 17ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ተሰብረው ሲገጣጠሙ፣ የኮላጅን ጂን ፒዲጂኤፍቢ ከተባለው የዕድገት ጂን ጋር ተጣበቀ። ኮላጅን ቆዳን አጽንቶ የሚይዝ ፕሮቲን ስለሆነ ጂኑ ሥራ አይፈታም፤ የተጣበቀበትንም የዕድገት ፕሮቲን አብሮ ያስመርተዋል። ሴሏ ራሷ ባመነጨችው ትእዛዝ ትባዛለች። ይህ ጥምረት የታወቀው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው።

ሲዲ 34 በሴሎቹ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። እኛ ፓቶሎጂስቶች፣ ማለትም ናሙና በማይክሮስኮፕ የምንመረምር ሐኪሞች፣ ናሙናውን በስሱ ቆርጠን ይህን ፕሮቲን የሚያሳይ ቀለም ስናስነካው ዕጢው በሙሉ ቡናማ ይሆናል። ከሥር ያለው ስብ ውስጥ ሴሎቹ በቀጫጭኑ ሰርገው ገብተው የማር እንጀራ መስለው ይታያሉ። ሁለቴ የተመለሰው በዚህ ይመስለኛል፤ ከላይ ሲያዩት ያለቀ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ይቀራል። ሲዲ 34ን ሌሎች ዕጢዎችም ስለሚያሳዩት ብቻውን አያስፈርድም፤ ጥርጣሬ ካለ ፊሽ በተባለው ምርመራ የጂኑ ጥምረት ይፈለጋል።

እባካችሁ፣ ለሦስተኛ ጊዜ እንደ ተራ እብጠት አታስቆርጡት። ዙሪያውን ከጤናማው ቆዳ 2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮ፣ ወደ ውስጥም ጡንቻውን እስከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ድረስ መነሣት አለበት፤ ጠርዙ ከካንሰር ሴል ንጹሕ መሆኑም በፓቶሎጂ ይረጋገጥ። ጠባሳው ይሰፋል፤ ቆዳ መለጠፍም ሊያስፈልግ ይችላል። ወደ ሳንባ የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው። ለቀዶ ሕክምና ካልተመቸ ኢማቲኒብ የተባለ ኪኒን አለ፤ ያን የዕድገት ትእዛዝ ሴሏ እንዳትቀበል ያግዳታል። ጥምረቱ በሌለበት ዕጢ ላይ ግን ብዙም አይጠቅምም።

ወደ ደሴ ስትመጡ በሰም የተቀመጠውን የድሮ ናሙና፣ ስሱ ቁራጭ ከተለጠፈበት መስታወት ጋር፣ ከላቦራቶሪው ጠይቃችሁ ያዙ። በሰም ያለ ናሙና ለዓመታት ይቆያል፤ ጥምረቱን ከእሱ መፈለግ ስለሚቻል ለምርመራው ብቻ ተብሎ ወንድምሽ እንደገና አይቆረጥም።