ስፖንሰሩ «ፈርሙ» ብሎናል፤ እንፈርም?

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ነን። ለፎርሙላ ኤስኤኢ፣ ማለትም ተማሪዎች ራሳቸው ነድፈው በሠሩት የእሽቅድምድም መኪና ለሚወዳደሩበት ውድድር፣ መኪና እየሠራን ነው። አንድ ፋብሪካ ገንዘብ ሊሰጠን ፈልጎ፣ ዲዛይኑ ግን ሙሉ በሙሉ የእሱ እንዲሆን የሚል ውል አመጣ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አትቸኩሉ! ውሉን ቅድሚያ ለዩኒቨርሲቲያችሁ የሕግ ክፍል አሳዩት። በመኪናው ላይ አርማውን መለጠፍ አንድ ነገር ነው፣ ዲዛይናችሁን አሳልፎ መስጠት ግን ሌላ። ቢያንስ የመጠቀምና ለዳኞች የማሳየት መብታችሁ በጽሑፍ ይስፈር።

ከገንዘቡ ይልቅ ደግሞ በፋብሪካው ማሽኖች የመሥሪያ ሰዓትና የባለሙያ ምክር ጠይቁ። ተማሪ እያለሁ አንድ የፋብሪካ በያጅ ወርክሾፓችን መጣና ብየዳችንን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ «ላዩ ነው እንጂ ውስጡ አልያዘም» አለን፣ ቆርጠን ስናየው እውነቱን ነበር፤ ያንን ቀን እስካሁን አልረሳውም። ምክር ይፈቀዳል፣ ዲዛይኑን ግን ባለሙያ ሊሠራላችሁ አይችልም፤ የውድድሩ ደንብ ይከለክላል።

ሌላው፣ ከውድድሩ 1000 ነጥብ 325ቱ የሚሰጠው መኪናው ሳይነዳ ነው፦ ለዲዛይን 150፣ ለወጪ 100፣ ለንግድ ዕቅድ 75። ዳኞቹ «ለምን ይህን መረጣችሁ?» እያሉ ያፋጥጣሉ። የፋብሪካውን መሐንዲሶች አስቀምጣችሁ ቀድማችሁ ተለማመዱበት።