ሆምካሚንግ ጠርታናለች፤ ምን ይዘን እንሂድ?

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚያወሩት ስለ አንዲት ቅዳሜ ነው። ስለዚህ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ጥያቄ ለሚቀጥለው ወር አቆይቼዋለሁ። ጠያቂው ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ዘንድሮ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ማርሽ ባንዱ ውስጥ ክላሪኔት ትጫወታለች። «ቅዳሜ ሆምካሚንግ ነው፣ ከሞርጋን ስቴት ጋር ነው የምንጫወተው፣ አንቺም አባዬም መቅረት የለም» ብላ ሁለት ትኬት በስልኬ ላከችልኝ። ባለቤቴ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነው። «ኳስ አቅፎ የሚሮጥ ሰው ሳይ አልውልም» ብሏል። እኔ ደግሞ ጽጌን እጾማለሁ። ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? ምን እንልበስ? ምን እንብላ? ባንዱን አይተን ብንወጣስ ነውር ይሆናል?
የአሌክሳንድሪያዋ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ትኬቱ እጅሽ ከገባ ግማሹ ሥራ አልቋል። በዚያ ሳምንት ትኬት ማግኘት ራሱ ፈተና ነው።

እኔ ዲሲ ውስጥ ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት ይህችን ቅዳሜ ስሸሻት ነው የኖርኩት። መጀመሪያ የገጠመችኝ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አገሩን ገና አልለመድኩም። ዩኒየን ስቴሽን በር ላይ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀይ ኮት የለበሱ አንድ አዛውንት ጫንኩ። «ሃዋርድ» አሉኝ። ቅርብ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጆርጂያ አቬኑ ስንደርስ መንገዱ ጥርቅም ብሏል። ያኔ የዲሲ ታክሲ ሜትር አልነበረውም፤ ሜትር የገባው በ2008 ነው። ሂሳቡ በዞን ስለነበር አንድ ሰዓት ብትቆሚም አምስት ሳንቲም አይጨምርልሽም። እኔ በውስጤ እራገማለሁ። አዛውንቱ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ኤች ዩ!» ብለው ጮኹ። ከእግረኛ መንገዱ ላይ ሃያ ሰው በአንድ ድምፅ «ዩ ኖው!» ብሎ መለሰላቸው። ሰውየው አበዱ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ የዩኒቨርሲቲው ሰላምታ ነው። ቅዳሜ መቶ ጊዜ ትሰሚዋለሽ። አንዱ «ኤች ዩ» ካለ «ዩ ኖው» ብለሽ መልሺ። ልጅሽ መጀመሪያ ታፍራለች፤ በኋላ ለጓደኞቿ ታወራዋለች።

ሆምካሚንግ ምንድን ነው ላልሽው፣ የጉራጌ ጎረቤት ካለሽ አይከብድሽም። ለመስቀል መርካቶ ጭር ሲል አይተሻል? ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ አገር ቤት ይገባል። ሆምካሚንግ የዩኒቨርሲቲ መስቀል በይው። የዛሬ አርባ ዓመት የተመረቀው፣ አምና የተመረቀውና ልጅሽ አንድ ግቢ ውስጥ ይገናኛሉ። በሃዋርድ ይህ ልማድ ከ1924 ጀምሮ ያለ ነው። ኳሱ እንግዲህ እንደ ክትፎው ነው። የሚጠራሽ እሱ ነው፤ ስትመለሺ የምታወሪው ግን ስላገኘሽው ሰው ነው።

ኳሱን፣ ማለትም የአሜሪካን ፉትቦሉን፣ ግን አልንቀውም። ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት።

እኚያ አዛውንት መንገዱ ሲዘጋብን ሳንቲሞቼን አውጥተው ዳሽቦርዱ ላይ ደረደሩና አስተማሩኝ። ሜዳው 100 ያርድ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል፤ ይህ እንኳን ከኛው ኳስ ጋር አንድ ነው። ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በአራቱ ሙከራ 10 ያርድ፣ በኛ 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ከገፋ አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል። ካቃተው ኳሱን ያስረክባል። እስከ መጨረሻው መስመር ይዞ ከገባ ታችዳውን ነው፤ 6 ነጥብ። ከዚያ በእግር መትቶ በሁለቱ ብረቶች መሀል ካሳለፈ 1 ይጨመርለታል። ታችዳውን ሩቅ ሲመስለው በእግር መትቶ 3 ነጥብ ይወስዳል። በቃ፣ ይህን የያዘ ሰው ይበቃዋል። የቀረውን ፊሽካ እኔም እስካሁን በደንብ አልለየሁትም፤ ጎረቤቴ ሲጮህ አብሬ እጮኻለሁ።

ጨዋታው አራት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው ሲሉህ አትመን በይው። ሰዓቱ ይቆማል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይቆማል። ከሦስት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ባለቤትሽን የሚያናድደው ይህ ነው። ሦስተኛውን ሙከራ እንዲጠብቅ ንገሪው። ያኔ ደጋፊው ተነስቶ ይጮኻል፣ ከበሮው ይመታል፣ ተጋጣሚ መደማመጥ ያቅተዋል። የሸገር ደርቢን ያየ ሰው ያ ስሜት አይጠፋውም።

ስለዚህ ጨዋታ ደግሞ ልንገርሽ። ሞርጋን ስቴት የባልቲሞር ነው። ከዲሲ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የተመሠረቱት በ1867 ነው፤ እኩያሞች ናቸው። እንግዳው ቡድን ደጋፊውን በአውቶቡስ ጭኖ ይመጣል፤ የሰው ድግስ ማበላሸት ደግሞ ደስ ይለዋል። ሊጋቸው በፉትቦል ስድስት ቡድን ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን የሚጫወተው አምስት የሊግ ጨዋታ ነው። አንዱን የጣለ ሒሳብ መቁጠር ይጀምራል። ሊጉን ያሸነፈ በታኅሣሥ አትላንታ ላይ ከደቡቡ ሊግ ሻምፒዮን ጋር ይጋጠማል። ሃዋርድ በ2023 እዚያ ደርሶ በፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም 30 ለ 26 ተሸነፈ። በአራት ነጥብ! እስካሁን የሚቆጫቸው አሉ። የኔ አዛውንት የመጡባት የ1993ቷ ቡድን ደግሞ መደበኛ ውድድሯን 11 ጨዋታ አንድም ሳትሸነፍ ጨርሳለች። ኳሷን ያቀብል የነበረው ጄይ ዎከር በኋላ የሜሪላንድ ምክር ቤት አባል ሆኗል። ሽማግሌዎቹ አጠገብ ከተቀመጣችሁ ስሙን መጥራት ብቻ ነው፤ ቡና ሳይገዙላችሁ አይቀሩም።

ማን ያሸንፋል? ልቤ ከሃዋርድ ጋር ነው። ግን በሆምካሚንግ ባለቤቱ ቡድን ሳምንቱን ሙሉ በዘፈንና በእንግዳ ተወጥሮ ነው የሚገባው። የመጀመሪያውን ሩብ ተጠንቅቀው ያልተጫወቱ እንደሆነ ሞርጋን ቀድሞ ያስደነግጣቸዋል። እኔ በጠባብ ልዩነት ሃዋርድ እላለሁ። ባለቤትሽ በዚህ ላይ እንዳይወራረድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ልጅሽ። በእረፍት ሰዓት ከመቀመጫሽ አትነሺ! በሌላ ስታዲየም እረፍት ማለት ሽንት ቤትና ሆት ዶግ ነው። እንደ ሃዋርድና ሞርጋን ባሉት የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሰው ለባንዱ ይቀመጥና ለምግብ የሚወጣው ሦስተኛው ሩብ ሲጀመር ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የእህቴ ልጅ እዚያ ሲማር ሄጄ፣ እረፍት ሲሆን ብልጥ ነኝ ብዬ ወጣሁ። ምግብ መሸጫው ባዶ ነው። ሻጯ «ዛሬ ነው የመጣኸው?» ብላ ሳቀችብኝ። ዶሮዬን ይዤ ስመለስ ልጁ መለከቱን ነፍቶ ጨርሶ ሜዳውን ለቆ ወጥቷል። አንድ ወር አኮረፈኝ። ባንዱ «ሾውታይም» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ሞርጋንም የራሱን ባንድ ካመጣ ሁለተኛ ግጥሚያ አለ ማለት ነው፣ በነፋስ መሣሪያና በከበሮ።

ባንዱን አይተን ብንወጣ ላልሽው፣ ነውርስ አይደለም። ግን ባንዱ ከእረፍት በኋላም ወደ መቀመጫው ተመልሶ እስከ መጨረሻው ይጫወታል። ልጅሽ ቀና ስትል ባዶ ወንበር እንዳታይ።

ልብስ። ሃዋርድ ሰማያዊ፣ ቀይና ነጭ ነው። ነጠላሽን አድርጊ፣ ያምርብሻል፤ ጥለቱ ግን ብርቱካናማ እንዳይሆን። ብርቱካናማ የሞርጋን ቀለም ነው። ጫማ ዝቅ ያለ ይሁን። የጥቅምት ፀሐይ ታታልላለች፤ ጥላው ሲመጣ የስታዲየም ወንበር በረዶ ነው። ጋቢ ያዙ፣ አንዱን ለመቀመጫ። ቦርሳ የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ብቻ ነውና ትኬቱ ላይ ያለውን አንብቢ።

ምግብ። ግቢውና ዙሪያው ከጠዋት ጀምሮ በጭስ ይሞላል። ሰዉ በመኪናው ኋላ ጎድንና የዶሮ ክንፍ ይጠብሳል። ጽጌን የሚጾም ሰው እዚያ መሀል መራብ ብቻ ነው የሚተርፈው። የሚያውቁሽም የማያውቁሽም ሳህን ይዘው «ብዪ» ይሉሻል። ተቀብለሽ ለባለቤትሽ አቀብዪ። አንቺ ቀድመሽ ዘጠነኛው ስትሪት ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን አንዱ ጋ የጾም በያይነቱ ብዪ። ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። መኪና ግን እቤት ተዉት። በአረንጓዴው መስመር ባቡር ሾው ሃዋርድ ጣቢያ ወርዳችሁ ሰዉን መከተል ነው።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የሃዋርድ ቲሸርት ላከልኝ። «ይህ ትምህርት ቤት የእኛም ነው» አለኝ። ማጋነን አይደለም?
ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ

መልስ፦ ትንሽ አጋኗል፤ ግን መሠረት አለው። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማረው እዚያ ነው። በ1935 ተመርቆ ተመለሰና በጣሊያን ወረራ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ሆነ። ቀጥሎ ተልኮ አሜሪካ ሄደና በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋመ፤ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያሰባሰበ ሰው ነው። በ1940፣ ነፃነቱን ሳያይ፣ ሞተ። ሌላው ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪ ነው። ከ1922 ጀምሮ ሃዋርድ ውስጥ የጥንቷን አፍሪካ ታሪክ ያስተማረ፣ አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የሚያወራ መምህር ነበር። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጥቶታል። ጃንሆይም በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ሃዋርድ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ቲሸርቱን ልበሰው። የዘመድህን ማጋነን እኔ ይቅር ብዬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኡበር እሠራለሁ። ሆምካሚንግ ቀን እዚያ ሰፈር ብውል ያዋጣል ወይስ ልተኛ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጠዋት ከአየር ማረፊያና ከሆቴሎች ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሞልቷል፤ እሱን ሥራ። ግን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከነተሳፋሪህ እንዳትገባ። ዩ ስትሪት ጋ አውርዳቸው፤ በእግር ቶሎ ይደርሳሉ፣ እነሱም አያዝኑም። ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ሲጀመር ሥራ ይሞታል፤ ያኔ ሄደህ ተኛ። ማታ ተመለስ። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ነው የሚወጡት፣ ጉርሻቸውም ደህና ነው። ሌሊት ከፓርቲ የሚወጡትን ወጣቶች የምትጭን ከሆነ ግን የኋላ መቀመጫው ላይ ላስቲክ አንጥፍ።