ትንንሽ ልጆችን ለምታስተምሩ የጎንደር ወጣቶች

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አዘዞ ውስጥ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የምስጋና ወረቀት ተቀበለች። «በክረምት በጎ ፈቃድ ላበረከተችው አስተዋጽኦ» ይላል። ደስ ብሎኛል። ምን እንደሠራች ግን ወረቀቱ አይናገርም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ትንንሽ ልጆችን ነው። አንደኛ ክፍል ሊገቡ የደረሱ ብዙ ልጆች ሀ ሁ ሂን እንደ መዝሙር ይወርዱታል። መሀል ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ «ይሄስ?» ስትሏቸው ግን ዝም ይላሉ። ወይም ከመጀመሪያው ተነስተው እስኪደርሱበት ይቆጥራሉ። ይቺ ተማሪ በክረምቱ ትንንሾቹን ፊደል ስታስተምር ይህን ማንም ሳይነግራት አስተዋለች። ካርቶን ቆራርጣ ፊደሎቹን ጻፈችና በየቀኑ እየበወዘች ታቀርብላቸው ጀመር። በ እና ሰ የሚምታታበትን ልጅ ደግሞ ጎኑ ቁጭ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ ሌሎቹም ሳይስቁበት ታስለየዋለች።

ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠራችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው ለዚሁ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ልጁ ፊደሉን በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። እዚያም ቢሆን የኔታ ሁሉን ብቻቸውን አያዳርሱም፤ ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቆጥራል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ከመምህራን ጋር የዘመቱት ተማሪዎች ነበሩ። እናንተ የያዛችሁት የቆየ የአገር ወግ ነው፤ በኩራት ያዙት።

ከሁሉም በላይ ግን ሰዓት አክብሩ። የጎንደርን የሐምሌ ዝናብ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ በዚያ ዝናብ ትመጣ ነበር። ትንሽ ልጅ «ነገ እመጣለሁ» ካላችሁት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ሁለቴ ከቀራችሁበት ሦስተኛውን አያምናችሁም። የማትችሉትን ቀን ቃል አትግቡ።

ሌላው ስልክ ነው። ወላጅ ሳይፈቅድ የልጆችን ፊት ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። ከልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻችሁን አትሁኑ። ልጁ የተጎዳ ከመሰላችሁ ለብቻችሁ አትያዙት፤ ለመምህሩ ወይም ለምታምኑት ትልቅ ሰው ወዲያው ንገሩ።

ምስጋና መፈለግ ነውር አይደለም። ወረቀት ሲሰጧችሁ ግን ምን እንዳስተማራችሁ፣ ለስንት ሳምንት እንደሠራችሁ እንዲጻፍበት ጠይቁ። ነገ ሥራ ስትፈልጉ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። እኛ ትልልቆችም መድረክ ላይ ወጥተን «ጎበዝ» ብለን ከምንወርድ፣ ያየነውን በዝርዝር ብንናገር ሌላው ወጣት ምን መሥራት እንደሚችል ይማርበታል። እኔ በግሌ ስለ ካርቶኖቹ አንድ ሰው እንኳ ቢያነሳ ኖሮ ደስታዬ ወደር አይኖረውም ነበር።

ዘንድሮ ልጅቷ 12ኛ ክፍል ናት። የፈተና ዓመት ስለሆነ ቀኗን ቀንሳ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ትመጣለች። በድንገት ከመጥፋት ይልቅ ይህንን ቀድማ ለልጆቹ ነገረቻቸው፤ በጣም ትክክል አድርጋለች። የማክሰኞውን ጓደኛዋ ተረክባለች። የሐሙሱ ግን እስካሁን ሰው የለውም። አዘዞ አካባቢ ያላችሁና ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት የምትተርፋችሁ ወጣቶች፣ እባካችሁ መጥታችሁ መምህራኑን አነጋግሩ።