ቅባትና ካንሰር፦ ለወጣት የጤና ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ገና ብዙ ጊዜ የምትጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ቅባት ካንሰርን ይመግባል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ቸኩላችሁ «አዎ» አትበሉ። «ወሬ ነው» ብላችሁም አትለፉት። መጀመሪያ ሴሉ ውስጥ የሚሆነውን በደንብ እወቁት።

ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አንድ ነገር አሳየ። የካንሰር ሴል ኦክስጅን እያለውም ስኳርን በብዛት ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል። ከዚያ ወዲህ የሁሉም ዓይን ስኳር ላይ አረፈ። ነገር ግን ሴል ለሁለት ሲከፈል አዲስ ሽፋን ያስፈልገዋል። ሽፋኑ በአመዛኙ ከቅባት ይሠራል። ስለዚህ ብዙ የካንሰር ሴሎች ቅባት ራሳቸው ይሠራሉ፣ ከአካባቢያቸውም ይወስዳሉ። ሲያሻቸው የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያቃጥሉታል። ፓልሚቲክ አሲድ ከሚባለው የቅባት ዓይነት ከአንዱ ሞለኪውል ከ100 በላይ ኤቲፒ (ሴሉ ለሥራው የሚያወጣው ኃይል) ይገኛል፤ ከአንድ ግሉኮስ ግን 30 ገደማ ነው።

እኔን በጣም ያስገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2017 ከባርሴሎና የወጣው የሳልቫዶር አዝናር ቤኒታ ቡድን ሥራ ነው። የአፍ ካንሰር ሴሎችን ሲያጠኑ፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሄደው መዝራት የሚችሉት ጥቂቶቹ ሲዲ 36 የሚባል ፕሮቲን በብዛት እንዳላቸው አገኙ። ሲዲ 36ን ፋቲ አሲድ (ቅባት የሚሠራበት ዋና ክፍል) ወደ ሴሉ የሚገባበት በር በሉት። አይጦቹ ቅባት የበዛበት ምግብ ሲበሉ ስርጭቱ ባሰ። በሩን በአንቲቦዲ ሲዘጉት ቀነሰ። በ2021 ደግሞ ያው ቡድን ፓልሚቲክ አሲድ ያገኙ የካንሰር ሴሎች ቅባቱ ከቀረባቸው በኋላም የመሰራጨት ጠባያቸው እንደማይለቃቸው አሳየ። ሌሎቹ ፋቲ አሲዶች፣ ኦሌይክና ሊኖሌይክ፣ ይህን አላደረጉም።

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ወደ ጓዳቸው ይሮጣሉ። ፓልሚቲክ አሲድ በፓልም ዘይት ውስጥ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ቅቤም ውስጥ ብዙ አለ። የኑግ ዘይታችን በአብዛኛው ሊኖሌይክ ነው፣ የወይራ ዘይት ደግሞ ኦሌይክ። ታዲያ ነገሩ አለቀ? አላለቀም። በ2020 በአይጥ ላይ በወጣ ጥናት፣ የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) ሴሎች በሊምፍ (ከደም ሥር ውጭ በራሱ ቧንቧ በሚፈስ ፈሳሽ) ውስጥ ሲያልፉ ያው የተመሰገነው ኦሌይክ አሲድ ከሞት ከልሏቸዋል። አንዱን ቅባት ቅዱስ፣ ሌላውን እርኩስ ማድረግ አያዋጣም።

አይጥና ሰው ደግሞ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአይጥ አንጀት ላይ በተሠራ ታዋቂ ጥናት ከምግቡ ካሎሪ 60 በመቶው ከቅባት ነበር። እንዲህ የሚበላ ሰው ስንት ነው? በአሜሪካ ከ48 ሺህ በላይ የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች በተሳተፉበት ትልቅ ጥናት፣ ቅባት የቀነሱት ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በጥቂቱ ዝቅ አለ፤ ግን አጋጣሚ አይደለም ለማለት አልበቃም። ከረጅም ክትትል በኋላ በጡት ካንሰር የሚሞቱት ያነሱት ከእነሱ ወገን ነበር። ይሁንና አትክልትና ፍራፍሬም ጨምረው ነበር፤ ሁሉንም ለቅባቱ መስጠት አይቻልም።

ጠንካራው ማስረጃ ያለው ውፍረት ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከልክ ያለፈ የሰውነት ስብን ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር አያይዞታል። ስቡ ኢንሱሊንን ከፍ ያደርጋል፣ ኢስትሮጅን ያመርታል፣ የማያባራ ብግነት ይቀሰቅሳል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። አንዲት ልጅ የጨጓራ ካንሰር ያለባቸውን እናቷን ይዛ መጣች። ስልኳ ላይ ያነበበችውን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፋዋለች። ቅቤ ክልክል፣ ወተት ክልክል፣ እንቁላል ክልክል፣ ስኳር ክልክል። እናትየው ቀለበታቸው እንዳይወልቅ ክር ጠቅልለውበታል። ልጅቷ የምትወዳቸውን እናቷን እያስራበች መሆኑን አላወቀችም። «የኔ ልጅ፣ አጥሚቱ ላይ ወተት ጨምሪ፣ ገንፎውንም በቅቤ አድርጊላቸው» አልኳት። ክብደቱ እየወረደ ያለ የካንሰር ሕመምተኛ ሕክምናውን የሚቋቋምበት አቅም ያጣል። ከአይጥ ጥናት ተነስታችሁ የእንዲህ ዓይነት ሰው ምግብ አትቀንሱ። ስለ ቅቤ ከመናገራችሁ በፊት ሚዛን ላይ አውጡት፣ ባለፉት ወራት ስንት ኪሎ እንደቀነሰ ጠይቁት።

ጤነኛ ሰው ሲጠይቃችሁ ነገሩ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ቅቤና ፓልም የሚረጋው ዓይነት ቅባት ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ግን ፓልም ብቻ የሚደርሰውን ቤተሰብ «የወይራ ዘይት ግዙ» አትበሉት፤ ከአቅሙ በላይ ነው። ወጡ ላይ የሚገባውን ዘይት ይቀንስ፣ ኑግ ወይም ሱፍ ሲያገኝ ያንን ያስቀድም፣ ምስሩንና ጎመኑን ያዘውትር። ወገቡንም ለኩለት።