ማግኔት ያልያዘው ጠረጴዛ ለምን ዛገ?

እዚሁ ጎንደር አራዳ አካባቢ ምግብ ቤት የከፈቱት እህታችን ያቀረቡትን ጥያቄ አነበብሁ። «ኦሪጅናል ስቴንለስ ስቲል ነው፤ ማግኔት እንኳ አይዘውም» ተብለው ያሠሩት የማዕድ ቤት ጠረጴዛና የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ክረምቱ ሳይወጣ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። ላሜራውን የሸጠው ነጋዴ «በረኪና ስላበዛችሁ ነው» ይላል፤ በያጁ ደግሞ «ብረቱ ነው እንጂ እጄ አይደለም» ይላል። ተታልዬ ነው ወይስ ይህ ብረትም ይዝጋል? ብለው ጠይቀዋል። እስካሁን የተሰጡት መልሶች አብዛኞቹ ነጋዴውን ከመስደብ አላለፉም። እኔ አዘዞ ብየዳ ቤት አለኝ። የሆቴል ማዕድ ቤት፣ የጭማቂ ቤት ጠረጴዛና የደረጃ መደገፊያ ስሠራ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ በሰፊው ልመልስ።

አዎ፣ ይዝጋል። ስቴንለስ ስቲል ያው ብረት ነው፤ ልዩነቱ ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም የገባበት መሆኑ ነው። ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሃድና በብረቱ ገጽ ላይ ዓይን የማያየው፣ ውፍረቱ በናኖ ሜትር (በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ) የሚቆጠር ሽፋን ያበጃል። የተቧጨረ ቆዳ ራሱን እንደሚደፍን ይህም ሽፋን ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል። ቀለም ወይም ቅብ ከሆነ አንዴ ከተላጠ አለቀለት፤ ይህ ግን ከብረቱ ከራሱ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ዝገት ሲታይ የሚጠየቀው «እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?» ሳይሆን «ሽፋኑ ምን አገኘው?» ነው።

የማግኔቱ ወሬ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ክሮሚየም ያለበት ብረት አሲድ እንደሚቋቋም ፈረንሳዊው ፒየር በርቲዬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1821 አይቶት ነበር፤ የዚያ ዘመን ቅይጥ ግን ካርቦን የበዛበትና ተሰባሪ ስለነበረ ሥራ ላይ አልዋለም። በ1912 ጀርመን ውስጥ በክሩፕ ፋብሪካ ኤድዋርድ ማውረርና ቤኖ ሽትራውስ ከክሮሚየም ጋር ኒኬል የጨመሩበትን ቅይጥ አወጡ። በ1913 ደግሞ በእንግሊዟ ሼፊልድ ሃሪ ብሬርሊ የጠመንጃ አፈሙዝ በተኩስ ግለት እንዳይበላ መላ ሲፈልግ 12.8 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት አቀለጠ። በማይክሮስኮፕ ሊመረምረው አሲድ ቢቀባው አሲዱ አልበላው አለ፤ ሎሚና ኮምጣጤም አልነኩትም። ሼፊልድ የቢላዋ ከተማ ናትና ያ ብረት ወደ ገበታ ቢላዋ ገባ።

ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ሁለት ዘር ወጣ። የብሬርሊው ዓይነት ሲሞረድ ስለት የሚይዝ ነው፤ ማግኔትም ይይዘዋል። የክሩፑ ዓይነት ኒኬል ስላለበት የውስጥ አቀማመጡ (የአተሞቹ አደራደር) ይለወጥና ማግኔት አይዘውም። ድስታችን፣ ገንዳችንና የደረጃ መደገፊያችን በአብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ዘር ናቸው። የታወቀው በደረጃ ቁጥሩ 304 የሚባለው ሲሆን 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለበት።

ችግሩ ኒኬል ውድ ነው። ስለዚህ 201 የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፤ ኒኬሉ ወደ 3.5 እስከ 5.5 በመቶ ወርዶ በምትኩ ማንጋኒዝ የገባበት ነው። ማንጋኒዝም እንደ ኒኬል የውስጥ አቀማመጡን ስለሚለውጠው 201ንም ማግኔት አይዘውም! በመልክም ከ304 አይለይም፤ እርጥበትና ጨው ባለበት ቦታ ግን ቶሎ ይረታል። በተቃራኒው 430 የሚባለውን፣ ኒኬል የሌለበትን ነገር ግን ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም ያለበትን፣ ማግኔት ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ እሱ ደግሞ ለደረቅ ቦታ የሚናቅ ብረት አይደለም። ደህናው 304 ራሱ በታጠፈበት ጠርዝ ላይ ማግኔቱን በጥቂቱ ይስባል። እንግዲህ በኪሱ ማግኔት ይዞ የሚዞር ገዢ ደህናውን ትቶ ደካማውን ሊገዛ ይችላል። የሚረዳው ለማንጋኒዝ የተሠራው የመፈተኛ ጠብታ ነው፤ ከትንሽ ባትሪ ጋር ሲነካ ማንጋኒዝ የበዛበት ብረት ላይ ወደ ቀይ ይለወጣል። ነጋዴው «ጠብታ አላስነካም» ካለዎት መልሱን ሰጥቶዎታል።

አሁን ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ልምጣ። ከሁሉ በፊት ነጠብጣቡ የት እንዳለ ይዩ።

በብየዳው መስመር ዳርና ዳር ከሆነ ጥፋቱ የበያጁ ነው። ስቴንለስ ሲበየድ ሰማያዊና ጥቁር የሚሆነው ጌጥ አይደለም፤ ሽፋኑ ተቃጥሎ ከሥሩ ያለው ክሮሚየም መሳሳቱን ያሳያል። ብረቱ ከ425 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ከቆየም ካርቦኑ ክሮሚየሙን ወደ ራሱ ይስበውና ሽፋን መሥሪያ ያሳጣዋል። ለዚህ ተብሎ ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ ያልበለጠ 304ኤል የሚባል አለ። አየር እንዳይነካው በሚከልለው በአርጎን ጋዝ በፍጥነት በይዶ መስመሩን ማጽዳት የግድ ነው። የማጽጃው የአሲድ ቅባት ሥጋ አልፎ አጥንት የሚጎዳ አደገኛ ነገር ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ ለሚያውቅ ሰው ይተዉት።

ነጠብጣቡ እንደ በርበሬ ብናኝ ገጹን ሁሉ የሸፈነ ከሆነ ብረቱ ራሱ አልዛገም ይሆናል። ይህ በእኛ ሙያ እጅግ የበዛ ጥፋት ነው፤ በሩንም፣ መስኮቱንም፣ ስቴንለሱንም በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግራይንደር፣ በአንድ የሽቦ ብሩሽ እንሠራለን። የተራው ብረት ፍንጣሪ ስቴንለሱ ላይ ይቀመጥና የመጀመሪያው እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል። የዕቃ መፈተጊያ የብረት ሽቦም ይህንኑ ያደርጋል። ይህኛው ይድናል፦ የሎሚ ጭማቂ ለጥቂት ጊዜ ያስተኙበት፣ በለስላሳ ስፖንጅ ይሹት፣ በብዙ ውኃ ያጥቡት፣ ያድርቁት።

በገንዳው ወለልና በውኃው ልክ ዙሪያ ከሆነና ስትነካው የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ጉድጓድ ካለው ነጋዴው እውነቱን ነው፤ በረኪና ነው። በረኪናና ጨው የሚሰጡት ክሎራይድ የሽፋኑ ዋና ጠላት ነው፤ አንዲት ነጥብ ላይ ይበሳና ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማችን ገንዳ ሞልቶ በረኪና ጠብ አድርጎ ማሳደር የተለመደ ነው፤ ለዚያ የፕላስቲክ በርሜል ይጠቀሙ። ድስት ውስጥም ጨው በቀዝቃዛ ውኃ ላይ አይጣል፤ ውኃው ከፈላ በኋላ ይግባ። ክሎራይድን በተሻለ የሚቋቋመው ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ያለበት 316 ነው፤ ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ብንሆን እሱን እመክር ነበር። የጎንደር አየር ግን ጨው የለበትም፤ ለማዕድ ቤት 304 በቂ ስለሆነ 316 ግዙ የሚላችሁ ሰው ገንዘባችሁን ነው የፈለገው።

ድስት ካነሣሁ አይቀር፣ ከዚሁ ጥያቄ ሥር «ቁሌቴ ስቴንለስ ድስት ላይ ያርራል» ብለው ለጻፉት ደግሞ፦ ይህ ብረት ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአሉሚኒየም ከአሥር እጥፍ በላይ በዝግታ ነው። እሳቱ በነካው ቦታ ብቻ ይግላል፤ ሽንኩርቱ እዚያው ይይዛል። ታቹ ወፍራም የሆነና መካከሉ አሉሚኒየም ያለበት ይግዙ፤ እሳቱንም ይቀንሱ።

ጠረጴዛውን እንደገና የሚያሠሩ ከሆነ 1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይበቃል። ደረሰኙ ላይ «ስቴንለስ» ብቻ ሳይሆን «304» ተብሎ ይጻፍልዎት፤ በያጁንም ለስቴንለስ ብቻ የለየው ዲስክና ብሩሽ እንዳለው ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁት። የአሁኑን ደግሞ አንዱን ፎቶ ከብየዳው መስመር፣ ሌላውን ከገንዳው ወለል አቅርበው አንሥተው ይለጥፉልን፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይቼ እነግርዎታለሁ።