የሙያ ምክር፦ «ጠርዙን ለእኔ አይሰጡኝም»

ውድ ጠያቂዬ፣

በደብዳቤህ እንደገለጽኸው፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ ተምረህ የብቃት ምዘናውን ካለፍህ በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የሴራሚክ ባለሙያ ሥር ዓመት ከመንፈቅ ሠርተሃል። ባለሙያው የወለሉን መሃል ለአንተ ይተውልሃል፤ ማዕዘን፣ በር ሥርና መታጠቢያ ቤት ሲደረስ ግን ግራይንደሩን (የመቁረጫ ማሽኑን) ከእጅህ ይቀበልሃል። «እንዲሁ ረዳት ሆኜ ከምቀር ሙያውን ትቼ ወደ ዱባይ ብሄድ ይሻላል?» ብለህ ጠይቀሃል።

ባለሙያው ጠርዙን፣ ማለትም እነዚህን የዳርና የማዕዘን ሥራዎች፣ የሚይዘው አንተን ለመጉዳት ነው ብዬ አላምንም። ሥራ የሚረከብ ሰው መሃሉን በእግሩ አልፎት ይሄድና ማዕዘኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ይመለከታል፤ ስህተቱም የሚታየው፣ ክፍያውም የሚያዘው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ አሁን የጎደለህ አገር መለወጥ ሳይሆን ይኸው ጠርዝ ነው፤ እርሱን ሳትይዝ ብትሄድ በዱባይም ቢሆን የሚጠብቅህ ያው የመሃሉ ሥራ ነው።

ነገሩን በቁጥር ብታየው ይበልጥ ይገለጥልሃል። 5 በ8 ሜትር የሆነ ሳሎን 40 ካሬ ሜትር ሲሆን ዙሪያው 26 ሜትር ነው፤ ለአንድ ካሬ የሚደርሰው ጠርዝ 65 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። 1.5 በ2 ሜትር የሆነ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ወለሉ 3 ካሬ ሆኖ ሳለ ዙሪያው 7 ሜትር ስለሆነ፣ ለአንድ ካሬ ከ2.3 ሜትር በላይ ጠርዝ ይደርሰዋል፤ የቧንቧ ቀዳዳው፣ የውሃ መውረጃውና የመስኮቱ ጎን ገና አልተቆጠሩም። ሁለቱንም በአንድ የካሬ ዋጋ የተዋዋለ ሠራተኛ ማዕዘኑ ላይ ቢቸኩል አይገርምም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ከሁሉ አስቀድመህ ልትለማመደው የሚገባው የውጭ ማዕዘን (ወደ ክፍሉ ሾጥጦ የሚወጣው) ነው። ሁለት ፖርሴሊን (ጠንካራ የሴራሚክ ዓይነት) በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ሲገናኙ፣ ጀማሪ የሆነ ሰው ቆረጣውን እስከሚያብረቀርቀው ገጽ ድረስ ስለሚያደርሰው ጫፉ እንደ ምላጭ ይሳሳና ባልዲ ገና ሲነካው ይሸረፋል። ልምድ ያለው ግን ከገጹ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ያቆማል፤ ከጀርባ ማጣበቂያው የሚገባበት ቦታ እንዲኖርም ዘንበል ማለቱን ከ45 በጥቂቱ ያሳልፈዋል፤ በመጨረሻም ሹል የቀረውን በእጅ ማለስለሻ ቀስ ብሎ ይመታዋል። ሥጋው (ከሚያብረቀርቀው ገጽ ሥር ያለው ሸክላ) ቀይ የሆነ የግድግዳ ሴራሚክ ሲሆን ግን 45 ባትሞክር እመርጣለሁ፤ ቀዩ መስመር ከውጭ ይታያልና። ለእንዲህ ዓይነቱ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ጠርዝ ይሻላል፤ እርሱም ከሴራሚኩ ጋር አብሮ በማጣበቂያው ውስጥ የሚቀበር እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ በሲሊኮን የሚለጠፍ አይደለም። (በነገራችን ላይ፣ ይህን የኤል ቅርጽ ያለውን የብረት ጠርዝ በ1975 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያበቃው ቬርነር ሽሉተር ራሱ በጀርመን አገር ሴራሚክ አንጣፊ ነበር፤ የጠርዝ ችግር ያስቸገረው እንደ አንተ ያለ ሰው ነበር ማለት ነው።)

የውስጥ ማዕዘን ሌላ ጠባይ አለው። ሁለት ግድግዳዎች፣ ወይም ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት መስመር ላይ ሁለቱ ገጾች እየብቻቸው ስለሚንቀሳቀሱ፣ በመካከላቸው የገባ ደረቅ ግራውት (እንደ ነጭ ሲሚንቶ ያለ የክፍተት መሙያ) መሰንጠቁ አይቀርም፤ እዚያ የሚገባው ሲሊኮን ነው። የምክር ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሥራ ተቆጣጣሪ በነበርሁበት ጊዜ፣ ማዕዘኑ በነጭ ሲሚንቶ የተሞላ አንድ መታጠቢያ ቤት ተረክበን በጥቂት ወራት ውስጥ የታችኛው ቤት ኮርኒስ ረጠበ። የቧንቧ ሠራተኛው ተወቀሰ፣ ግድግዳው ተከፈተ፣ ቧንቧው ግን ደህና ነበር፤ ውሃው የገባው ክር በምታህል የማዕዘን ስንጥቅ ሲሆን፣ ከሴራሚኩ ሥርም የውሃ መከላከያ አልተደረገም ነበር። የተረከብሁት እኔ ስለነበርሁ ጥፋቱ የእኔም ነበር። በሰፊ ወለል ላይም እንዲሁ፣ ከግድግዳው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተትቶ በዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ በሚዞረው ጠባብ ንጣፍ) ይሸፈናል እንጂ ሴራሚኩ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ አይቆምም።

ሴራሚክ ከፓርኬ ጋር ለሚገናኝበት ቦታ አንድ ነገር ልብ በል፦ መስመሩ በሩ ሲዘጋ ከመዝጊያው ሥር እንዲውል አድርገህ፣ የሁለቱንም ውፍረት ለክተህ፣ የመጀመሪያውን ሴራሚክ ሳታነጥፍ መወሰን ይኖርብሃል።

ልምምዱን በሳይቱ ስብርባሪ ጀምር። አሥር ቁራጭ በ45 ቆርጠህ አምስት ማዕዘን ግጠምና ለባለሙያው አሳየው፤ «አስተምረኝ» ከማለት ይልቅ «ይህ የተሸረፈብኝ ለምንድን ነው?» ብትለው መልስ የማግኘት ዕድልህ የሰፋ ነው። በደረቁ ስትቆርጥ የሚነሳው አቧራ ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ ስላለበት፣ በሚቻልበት ሁሉ በውሃ የሚሠራውን መቁረጫ ተጠቀም፤ ለአቧራው የሚሆን ማስክና መነጽርም አይለይህ። የሥራህን ፎቶግራፍ ስታነሳ ሙሉውን ሳሎን ተወውና ማዕዘኑን በቅርብ አንሳ፤ ሥራ የሚሰጥህ ሰው ማየት የሚፈልገው እርሱን ነው።

ራስህን ችለህ ስትዋዋል ደግሞ ዞኮሎ በሜትር እንደሚለካ ሁሉ የ45 ቆረጣውንና የብረት ጠርዙን ለብቻ በሜትር ዋጋ አውጣላቸው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊትም በጽሑፍ ይስፈር። ካሬው ውስጥ ተደብቆ ከገባ በኋላ ልጠይቅ ብትል የሚሰማህ የለም።

ዱባይን በተመለከተ፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲና የብቃት ማረጋገጫህን ይዘህ እስከሆነ ድረስ መሄድህን አልቃወምም። ሆኖም ለሴራሚክ ሥራ ሰው ሲመለምሉ ብዙ ጊዜ ትንሽ ግድግዳ አስነጥፈው ይፈትናሉና፣ ያ ግድግዳ ማዕዘን ቢኖረው ምን እንደምታደርግ አስቀድመህ እወቅ። ስድስት ወር ለራስህ ስጥና የገጠምሃቸውን አምስት ማዕዘኖች ፎቶግራፍ ላክልኝ፤ የተሸረፈውንም ሳትደብቅ ጨምር።